ባክቴሪያ ከቫይረስ የሚያመልጠው እንዴት ነው? በገዛ ዓይናችሁ የምታዩበት ሙከራ ከሀ እስከ ፐ

ባክቴሪያም ቫይረስ ይይዘዋል። ባክቴሪያን ብቻ እየፈለጉ የሚያጠቁ ቫይረሶች አሉ፤ ባክቴሪዮፌጅ ይባላሉ፣ ባጭሩ ፌጅ። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ተባዝቶ ያደፈረሰው ፈሳሽ (ካልቸር) ላይ ትንሽ ፌጅ ጠብ ብታደርጉበት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጥርት ይላል። ባክቴሪያው ፈንድቶ አለቀ ማለት ነው። ግን ያንኑ ጠርሙስ ሳትደፉ ኢንኩቤተር ውስጥ አቆዩት። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ደፍርሶ ታገኙታላችሁ፣ አሁን ያለው ባክቴሪያ ደግሞ ያው ፌጅ በገፍ ቢጨመርበት እንኳ ምንም አይሆንም።

እነዚህ የተረፉት ከየት መጡ? ቫይረሱ ሲመጣባቸው ነው መከላከያ ያበጁት፣ ወይስ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊትም እዚያው መሃላቸው ነበሩ? ብዙ ሰው፣ ባዮሎጂ የተማረም ጭምር፣ "ባክቴሪያው ተላመደው" ብሎ ያልፈዋል። ይሄ አባባል ያንገበግበኛል። ነገሩ ከ80 ዓመት በፊት በሙከራ ተፈትቷል፣ ሙከራውም ውድ ማሽን አይፈልግም፤ መደበኛ የማይክሮባዮሎጂ ላብ ያለው ኮሌጅ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ ልጻፍላችሁ።

ሙከራው የሳልቫዶር ሉሪያ እና የማክስ ዴልብሩክ ነው፣ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ሉሪያ ከጣሊያን የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር፣ ዴልብሩክ ጀርመናዊ። አሜሪካ በጦርነት ላይ ስለነበረች ሁለቱም በወረቀት "የጠላት አገር ዜጋ" ተብለው ተመዝግበዋል። ሉሪያ ብሉሚንግተን በሚገኘው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እያለ አንድ ምሽት በመምህራን ጭፈራ ላይ ባልደረባው በቁማር ማሽን ሲጫወት ያያል። ማሽኑ ደጋግሞ ምንም አይሰጥም፣ ከዚያ ድንገት ሳንቲም ያፈሳል። ሉሪያ ያኔ ነው ሙከራው የመጣለት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ከመጀመራችን በፊት፦ ይህ ቤት የሚሠራ ነገር አይደለም። ላብ ውስጥ፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው ባለበት፣ በሽታ በማያመጣ የላብ ስትሬይን (የባክቴሪያ ዘር) ብቻ ነው የሚሠራው። ከፍሳሽ ወይም ከሕመምተኛ የተወሰደ ባክቴሪያ አትጠቀሙ። ጋውን ልበሱ፣ ጓንት አድርጉ፣ የተነካውን ሁሉ በረኪና ውስጥ ንከሩ ወይም አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) አድርጉ።

ደረጃ 1፦ የሚያስፈልገውን ማሰባሰብ

ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ቢ የሚባለው ስትሬይን ነው። ሉሪያና ዴልብሩክም የተጠቀሙት እሱን ነው። ፌጁ ላይ ግን ከእነሱ እንለያለን። እነሱ የሠሩት ዛሬ ቲ1 በምንለው ፌጅ ነው፤ ቲ1 ደግሞ ድርቀት የማይገድለው፣ በአየርና በአቧራ የሚዛመት፣ አንዴ ላብ ከገባ የሌላውን ሰው ኢ. ኮላይ ሁሉ የሚፈጅ ነገር ነው። ልምድ ያላቸው ላቦች እንኳ በር ላይ ይመልሱታል። እናንተ ቲ4 ተጠቀሙ። ቲ4 ለማባዛት ቀላል ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ላቡንም አይወርረውም።

ከዚህ ሌላ፦ ኤልቢ ብሮዝ (በሊትር 10 ግራም ትሪፕቶን፣ 5 ግራም የእርሾ ኤክስትራክት፣ 10 ግራም ጨው)፣ ለሳህን የሚሆነው ላይ በሊትር 15 ግራም አጋር (ብሮዙን እንደ ጄሊ የሚያረጋ ዱቄት)፣ ለላይኛው ለስላሳ ንጣፍ 7 ግራም አጋር። ወደ 60 የሚሆኑ ፔትሪ ዲሾች፣ ትንንሽ ክዳን ያላቸው ቱቦዎች፣ ፒፔቶች፣ ጥቂት ክሎሮፎርም። ስፔክትሮፎቶሜትር (ድፍርስነት የሚለካ መሣሪያ) ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ችግር የለም።

ደረጃ 2፦ ስቴራይል ማድረግ፣ በተለይ ደጋ ላይ ላላችሁ

አዲስ አበባ የምትሠሩ እዚህ ጋ ቆም በሉ። መመሪያዎች ሁሉ "በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ለ20 ደቂቃ" ይላሉ፣ ያ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአውቶክሌቩ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ያለው ሙቀት 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለማግኘት ጌጁ ወደ 19 መድረስ አለበት። ማሽናችሁ ያን ያህል የሚፈቅድ ካልሆነ አታስገድዱት፣ ጊዜውን አርዝሙት። የሙቀት ማሳያ ካለው ደግሞ ግፊቱን ትታችሁ ሙቀቱን ተከተሉ። ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ላብ ውስጥ ያላችሁ ይሄን ዝለሉት፣ እናንተ ዘንድ 15ቱ ልክ ነው።

ይህን የማነሳው ብክለት ይህንን ሙከራ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚያበላሸው ነው። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ከገባ ቲ4 አይነካውም፤ ሳህኑ ላይ "የማይበገር ኮሎኒ" (ከአንድ ባክቴሪያ የተባዛ ክምር) መስሎ ይቆማል፣ እናንተም ትቆጥሩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ፌጁን ማባዛትና መቁጠር

ከአንድ ኮሎኒ የተነሳ ኢ. ኮላይ በ5 ሚሊ ሊትር ኤልቢ ውስጥ በ37 ዲግሪ አሳድሩ። ለስላሳውን አጋር አቅልጡና ወደ 47 ዲግሪ አውርዱት። ከዚህ ከሞቀ ባክቴሪያውን ይቀቅለዋል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሳታፈስሱት ይረጋል። 4 ሚሊ ሊትር አጋር ላይ 0.2 ሚሊ ሊትር ባክቴሪያ እና 0.1 ሚሊ ሊትር የቀጠነ ፌጅ ጨምሩ፣ ቶሎ አገላብጡና ሳህን ላይ አፍስሱት። በማግስቱ ነጭ ምንጣፍ በመሰለው ባክቴሪያ ላይ ትንንሽ ጥርት ያሉ ክቦች ይታያሉ። ፕላክ ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ከአንድ ፌጅ የተነሳ ነው።

ፕላኮቹ ጥቅጥቅ ብለው እርስ በርስ የሚነካኩበትን ሳህን ምረጡ። 5 ሚሊ ሊትር ብሮዝ አፍስሱበትና ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አስቀምጡት። ከዚያ ፈሳሹን ሰብስቡ፣ ጥቂት ጠብታ ክሎሮፎርም ጨምሩና ናጡት። ክሎሮፎርሙ የቀረውን ባክቴሪያ ይገድላል፣ ቲ4ን ግን አይጎዳውም። ሴንትሪፉጅ አድርጋችሁ ላይኛውን ብቻ ውሰዱ። ይህ ክምችታችሁ ነው።

አሁን ቁጠሩት። በ10 በ10 እያቀጠናችሁ ሄዳችሁ፣ ከ30 እስከ 300 ፕላክ ያለበትን ሳህን ያዙ። ለምሳሌ 10 ሚሊዮን ጊዜ ከቀጠነው 0.1 ሚሊ ሊትር ዘርታችሁ 85 ፕላክ ካገኛችሁ፣ ክምችታችሁ በሚሊ ሊትር 8.5 ቢሊዮን ፌጅ አለው። የምንፈልገው 10 ቢሊዮን ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ካነሰ እንደገና አባዙ። እያንዳንዱ ሳህን ላይ ፌጁ ከባክቴሪያው በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት፣ አለዚያ ተጠቂው ባክቴሪያ ፌጁ ሳያገኘው ጊዜ ያገኛል።

ደረጃ 4፦ ሃያዎቹ ቱቦዎች

የሙከራው ልብ ይሄ ነው። ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

ያደረው ካልቸር በሚሊ ሊትር ወደ 2 ቢሊዮን ባክቴሪያ አለው። አንድ ሚሊዮን ጊዜ ማቅጠን አለባችሁ፦ 0.1 ሚሊ ሊትር በ9.9 ሚሊ ሊትር ኤልቢ ውስጥ፣ ከዚያ ከዚህ 0.1 እንደገና በ9.9 ውስጥ፣ በሦስተኛው 0.2 ሚሊ ሊትር በ19.8 ውስጥ። መጨረሻ ላይ በሚሊ ሊትር 2,000 አካባቢ ባክቴሪያ ያለው 20 ሚሊ ሊትር ይኖራችኋል።

ከዚህ ውስጥ 23 ትንንሽ ቱቦዎች ላይ 0.2፣ 0.2 ሚሊ ሊትር ክፈሉ። ሌላ 10 ሚሊ ሊትር ደግሞ በአንድ ትልቅ ቱቦ ውስጥ አድርጉ። ሁሉንም 37 ዲግሪ ላይ አሳድሩ። ሃያዎቹ ትንንሽ ቱቦዎች ዋናው ሙከራ ናቸው፣ ሦስቱ ጠቅላላ ቁጥር ለማወቅ፣ ትልቁ ለማነጻጸር።

ለምን ይህን ያህል ማቅጠን? እያንዳንዱ ቱቦ የሚጀምረው በ400 ባክቴሪያ ገደማ ነው። ቲ4 የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ከሚሊዮኖች አንድ ወይም ከዚያም ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ሲጀመር አንድም ቱቦ ውስጥ እንደዚያ ያለ ባክቴሪያ የለም ማለት ይቻላል። ነገ ጠዋት ከተገኘ እዚያው ቱቦ ውስጥ፣ በዚያ ሌሊት የተወለደ ነው። ወፍራም ካልቸር ቀጥታ ብትከፍሉ ግን የትናንቱን ሁሉ እኩል እያከፋፈላችሁ ነው፣ ሙከራው ከንቱ ይሆናል።

ሌሊት መብራት ቢጠፋስ? ቱቦዎቹ ሁሉ አንድ መደርደሪያ ላይ እስካሉ ድረስ እኩል ይዘገያሉ፣ ስለዚህ አትደንግጡ። ሰዓት አትቁጠሩ፣ ድፍርስነቱን እዩ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቲ4ም ለጥቂት ሰዓት የመብራት መቋረጥ ብሎ አይሞትም።

ደረጃ 5፦ ሳህኖቹ ላይ መዝራት

ከማሳደጉ ጎን ለጎን ቢያንስ 31 የኤልቢ አጋር ሳህን አድርቃችሁ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ላይ ከክምችቱ 0.1 ሚሊ ሊትር (ቢያንስ አንድ ቢሊዮን ፌጅ) አዳርሱበትና እስኪደርቅ 20 ደቂቃ ተዉት።

ከዚያ ከሃያዎቹ ቱቦዎች የእያንዳንዱን ይዘት በሙሉ፣ አንድ ቱቦ ለአንድ ሳህን፣ ዝሩ። ከትልቁ ቱቦ ደግሞ 0.2፣ 0.2 ሚሊ ሊትር አሥር ጊዜ ወስዳችሁ በአሥር ሳህን ላይ ዝሩ። ለመቆጣጠሪያ ፌጅ ብቻ ያለበት አንድ ሳህን ይኑራችሁ፤ እሱ ላይ ምንም መብቀል የለበትም። የቀሩትን ሦስት ቱቦዎች አቅጥናችሁ ፌጅ በሌለበት ሳህን ላይ ዘርታችሁ አንድ ቱቦ ስንት ባክቴሪያ እንዳደረሰ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ወደ 100 ሚሊዮን አካባቢ ታገኛላችሁ። ሁሉንም 37 ዲግሪ ላይ አሳድሩ።

መጀመሪያ በአራት ወይም በአምስት ቱቦ መሞከሪያ ብትሠሩ ደግ ነው። ሁሉም ላይ መቶዎች ከበቀሉ የካልቸሩን መጠን ቀንሱ ወይም ቀደም ብላችሁ አውጡት። የምንፈልገው ገሚሱ ቱቦ ባዶ የሚሆንበትን ሁኔታ ነው።

ደረጃ 6፦ መቁጠርና ማስላት

አሁን ሳህኖቹን አውጥታችሁ ደርድሯቸው። ከመቁጠራችሁ በፊት ዝም ብላችሁ እዩአቸው፣ ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል።

የመማሪያ መጻሕፍት ደጋግመው የሚያወጡት የ1943ቱ ውጤት ይህን ይመስላል። ሃያዎቹ የተለያዩ ካልቸሮች የሰጡት የኮሎኒ ብዛት፦ 1፣ 0፣ 3፣ 0፣ 0፣ 5፣ 0፣ 5፣ 0፣ 6፣ 107፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 0፣ 64፣ 0፣ 35። ከአንዱ ትልቅ ካልቸር የተወሰዱት አሥሩ ናሙናዎች ደግሞ፦ 14፣ 15፣ 13፣ 21፣ 15፣ 14፣ 26፣ 16፣ 20፣ 13።

እስቲ እነዚህን ሁለት ሰልፎች ደግማችሁ አንብቧቸው። ሁለተኛው ወጥ ነው። መጀመሪያው ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይልና ድንገት 107።

ባክቴሪያው የማይበገር የሚሆነው ሳህኑ ላይ ከፌጁ ጋር ሲገናኝ ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ ባክቴሪያ ያችው ትንሽ ዕድል ነበረችው። ሃያዎቹ ቱቦዎች ተቀራራቢ ቁጥር ያለው ባክቴሪያ ነው የያዙት። ስለዚህ ሃያዎቹም እንደ ትልቁ ናሙና ወጥ ይሆኑ ነበር። 107 የሚሆንበት ምክንያት የለም። ለውጡ የመጣው በመባዛት ጊዜ፣ ፌጁ በሌለበት፣ በአጋጣሚ ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነው። አንዱ ቱቦ ውስጥ ሚውቴሽኑ (የዲኤንኤ ለውጡ) መጨረሻ ላይ ደረሰ፣ አንድ ኮሎኒ ብቻ ሰጠ። ሌላው ውስጥ ቀደም ብሎ ደረሰ፣ ያቺ ባክቴሪያ ደግማ ደጋግማ ተከፈለች፣ ጠዋት ላይ ቤተሰቧ በሙሉ ተገኘ። ሉሪያ በቁማር ማሽኑ ላይ ያየው ይህንን ነው፦ ብዙ ባዶ፣ አንዳንዴ ጎርፍ።

64 ቁጥሯን እዩልኝ። አንድ ባክቴሪያ ስድስት ጊዜ ብትከፈል 64 ትሆናለች። ሰባት ጊዜ 128፣ አምስት ጊዜ 32። በአንድ ቱቦ ከአንድ በላይ ሚውቴሽን ሊኖር ስለሚችል በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ 35፣ 64 እና 107 የሚሉት ቁጥሮች ሚውቴሽኑ ካልቸሩ ከመቆሙ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ትውልድ ያህል ቀድሞ እንደደረሰ ይነግሯችኋል። ፌጅ ያልነካው ባክቴሪያ መቼ እንደተለወጠ ከኮሎኒ ብዛት ማንበብ ትችላላችሁ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስረዳ የተሰማኝ ደስታ እስከዛሬ አልወጣልኝም።

አሁን በቁጥር። አማካዩን አውጡ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አማካዩን ቀንሱ፣ የተገኘውን በራሱ አባዙ፣ ሁሉንም ደምሩና ከቱቦዎቹ ብዛት አንድ ቀንሳችሁ አካፍሉ። ይህ ቫሪያንስ ነው፣ ኤክሴል በአንድ ፎርሙላ ያወጣዋል። ከላይ ባሉት ቁጥሮች የትልቁ ካልቸር አማካይ 16.7፣ ቫሪያንሱ 18 ገደማ ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡ ያለው መለዋወጥ የናሙና አወሳሰድ ዕድል ብቻ ነው ማለት ነው። የሃያዎቹ አማካይ 11.35፣ ቫሪያንሱ ግን 750 አካባቢ! ከአማካዩ ከ60 እጥፍ በላይ። የእናንተ ቁጥር የተለየ ይሆናል፣ ክፍተቱ ግን መታየት አለበት። ካልታየ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና በደንብ አቅጥናችሁ እንደነበር አረጋግጡ።

የሚውቴሽኑንም ፍጥነት ታገኛላችሁ። ሂሳቡን ያዘጋጀው ያኔ ናሽቪል ይሠራ የነበረው ዴልብሩክ ነው። ከሃያው 11ዱ ባዶ ናቸው፣ 0.55 ማለት ነው። የ0.55ን ናቹራል ሎጋሪዝም ወስዳችሁ የመቀነስ ምልክቱን ጣሉት፦ 0.6 ገደማ። በአንድ ቱቦ በአማካይ 0.6 ሚውቴሽን ደርሷል። አንድ ቱቦ 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ ቢኖረው፣ 0.6ን ለ100 ሚሊዮን ስታካፍሉ ከቢሊዮን ስድስት ያህል ይመጣል። አማካዩን ለዚህ ስሌት አትጠቀሙ፤ እንደ 107 ያለ አንድ ቱቦ ብቻውን ያዛባዋል።

ሂሳብ ለሚከብዳችሁ ሌላ መንገድ አለ። ሃዋርድ ኒውኮምብ እ.ኤ.አ. በ1949 ተጠቂ ባክቴሪያ ሳህኖች ላይ ዘርቶ ጥቂት ሰዓት አሳደገ። ከዚያ ገሚሶቹን ሳህኖች በብርጭቆ ዘንግ እንደገና አዳረሳቸው፣ ገሚሱን አልነካም፣ ሁሉም ላይ ፌጅ ረጨ። ያልተነኩት ላይ 28 ኮሎኒ፣ የተዳረሱት ላይ 353 አገኘ። የማይበገሩት ቀድመው ባይኖሩ ማዳረሱ ለውጥ አያመጣም ነበር። አንድ ላይ ተኮልኩለው የነበሩ እህትማማቾች ተበታትነው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኮሎኒ ሠሩ፣ ቁጥሩም ጨመረ። በክፍል ውስጥ ለማስተማር እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ደረጃ 7፦ የተረፉትን ማጽዳት

ከአንድ ሳህን አንድ ኮሎኒ ብቻ ውሰዱ። 107 ኮሎኒ ካለበት ሳህን አሥር ብትወስዱ አሥር የአንድ እናት ልጆች ልትወስዱ ትችላላችሁ፣ ያ ደግሞ አንድ ሚውቴሽንን አሥር ጊዜ ማጥናት ነው። ከየትኛው ቱቦ እንደመጣ ጻፉ።

እያንዳንዱን ኮሎኒ ንጹሕ ሳህን ላይ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስትሪክ አድርጉ (በሽቦ እየጫራችሁ አሰራጩ)፣ ተጣብቆ የመጣ ፌጅ ይራገፋል። ከዚያ በንጹሕ ኤልቢ አሳድጋችሁ በለስላሳ አጋር ንጣፍ ሥሩና 10 ማይክሮ ሊትር ፌጅ ጠብ አድርጉበት። ነጠብጣቡ የወደቀበት ቦታ ካልጠራ በእርግጥም አይበገርም፣ ይህንንም ከልጅ ልጅ ያወርሳል። አንዳንዱ ኮሎኒ ንፍጥ የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ ሊሆን ይችላል። አትጣሉት። ራሱን በወፍራም ስኳር ሸፍኖ ፌጁ ቆዳው ላይ እንዳይደርስ ያደረገ ነው።

ደረጃ 8፦ በሩ ነው የጠፋው ወይስ ውስጥ ነው የተገደለው?

ፌጅ ወደ ባክቴሪያ የሚገባው በሩን አግኝቶ ነው። በሩ ባክቴሪያው ለራሱ ጉዳይ የሠራው ፕሮቲን ወይም ሽፋኑ ላይ ያለ ስኳር ነው። ላምዳ የሚባለው ፌጅ ማልቶስ የሚገባበትን ፕሮቲን ይጠቀማል። ቲ1 እና ቲ5 ብረት የሚገባበትን። ቲ4 ኢ. ኮላይ ቢ ላይ የሚይዘው የውጭው ሽፋን ስኳር ነው። ሚውቴሽኑ በሩን ካጠፋው ፌጁ ውጭ ይቀራል።

ለመለየት ይህን ሥሩ። የማይበገረውን ባክቴሪያ ከታወቀ መጠን ያለው ፌጅ ጋር ቀላቅላችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። ሴንትሪፉጅ አድርጉና ላይኛው ፈሳሽ ውስጥ የቀረውን ፌጅ ቁጠሩ። ከመጀመሪያው ተጠቂ ባክቴሪያ ጋርም ያንኑ አድርጉ። ተጠቂው አብዛኛውን ፌጅ ይዞት ወደ ታች ይወርዳል። የማይበገረው ጋ ቁጥሩ ካልቀነሰ ፌጁ የሚይዘው አላገኘም፣ በሩ ጠፍቷል። ከቀነሰ ግን ገብቶ ወይም ተጣብቆ ነው የከሸፈው። በዚህ ሙከራ ከሞላ ጎደል ሁሌም የምታገኙት የመጀመሪያውን ነው።

ሌሎች ፌጆች ካሏችሁ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ቲ4 የማይበግረው ኢ. ኮላይ ቢ ብዙ ጊዜ ቲ3ን፣ አንዳንዴም ቲ7ን አብሮ ይቋቋማል፣ ለቲ2 ግን እንደተጋለጠ ሊቀር ይችላል። አንድ በር ስንት ፌጅ እንደሚጠቀምበት በዚህ ይታወቃል።

ባክቴሪያ ሌላም መከላከያ አለው። የሚገባውን ዲኤንኤ የሚቆራርጡ ኤንዛይሞች አሉት፤ ቬርነር አርበር፣ ሃሚልተን ስሚዝ እና ዳንኤል ናታንስ እ.ኤ.አ. በ1978 ኖቤል የተሸለሙት በእነሱ ነው። ቲ4 ዲኤንኤውን በስኳር ስለሚሸፍነው ብዙዎቹ አይቆርጡትም። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ፌጁ ሲገባ ራሳቸውን ይገድላሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ይተርፋሉ።

አሁን ታማኝ ለመሆን አንድ ትልቅ ነገር መጨመር አለብኝ። "ባክቴሪያ ከቫይረሱ ምንም አይማርም" ብላችሁ ከዚህ እንዳትሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሮዶልፍ ባራንጉ፣ ፊሊፕ ሆርቫት እና ባልደረቦቻቸው እርጎ በሚያረጋው ስትሬፕቶኮከስ ተርሞፊለስ ላይ ክሪስፐር ምን እንደሚሠራ አሳዩ። ከፌጅ የተረፉት ባክቴሪያዎች ከፌጁ ዲኤንኤ ቁራጭ ወስደው የራሳቸው ዲኤንኤ ውስጥ አስቀምጠዋል። ያው ፌጅ ሲመለስ በዚያ ቁራጭ አውቀው ይቆርጡታል። እዚህ ላይ መከላከያው የመጣው ከቫይረሱ በኋላ ነው። የላብ ኢ. ኮላይ ላይ ግን ይህ ሥርዓት ወይ ዝም ያለ ነው ወይ ጎደሎ ነው፣ ስለዚህ የሃያዎቹን ቱቦ ውጤት አያፋልስም። ሁለቱም መንገድ እውነት ነው፤ በየትኛው እንደተረፈ ሳትፈትኑ አትናገሩ።

ደረጃ 9፦ ምን እንደከፈለ ማየት

በር የሚያጠፋ ባክቴሪያ በሩ ይሰጠው የነበረውንም ያጣል። ይህን እናንተም ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ከጸዱት ኮሎኒዎቻችሁ ጥቂቶቹን ከመጀመሪያው ባክቴሪያ ጎን ለጎን ማክኮንኪ አጋር ላይ ስትሪክ አድርጉ። ማክኮንኪ ውስጥ የሐሞት ጨው አለ። የሽፋን ስኳራቸውን ከሥሩ የቆረጡት እዚያ ላይ ይዳከማሉ ወይም ጭራሽ አይበቅሉም። እናቲቱ እየበቀለች አንዱ ልጅ ካልበቀለ ሚውቴሽኑ የት እንደደረሰ ጥሩ ፍንጭ አገኛችሁ።

በሕክምና ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 ካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ቶም ፓተርሰን የሚባል ሰው መድኃኒት በማይበግረው አሲኔቶባክተር ሊሞት ሲል በፌጅ ታከመ። በሕክምናው መሃል ባክቴሪያው የተሰጡትን ፌጆች መቋቋም ጀመረ፣ አዲስ ፌጅ ፈልገው ጨመሩለት፣ ሰውየውም ዳነ። በዚያው ዓመት የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ የኮነቲከት ኩሬ ያገኙትን ፌጅ አሳወቁ። ይህ ፌጅ ሱዶሞናስ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ የሚይዘው አንቲባዮቲክ እየቀዳ ወደ ውጭ የሚደፋውን ፓምፕ ነው። ባክቴሪያው ከፌጁ ለማምለጥ ፓምፑን ካጠፋ አንቲባዮቲኩ ይገድለዋል፤ ፓምፑን ከያዘ ፌጁ ይገድለዋል።

ስለዚህ የአንቲባዮቲክ ዲስክ ያላችሁ ላቦች የመጨረሻውን ሥራ እንዲህ ጨርሱ። ከየቱቦው የወሰዳችሁትን አንድ አንድ ኮሎኒ ሳህን ላይ አዳርሱ፣ ኖቮባዮሲን ዲስክ መሃሉ ላይ አስቀምጡና በማግስቱ የጠራውን ክብ ስፋት በማስመሪያ ለኩ። የእናቲቱንም ለኩ። ቁጥሮቹን ከቱቦ ቁጥራቸው ጋር አንድ ሰንጠረዥ ላይ ጻፉና የትኛው ከእናቱ በሰፊው እንደሚለይ እዩ። ሳህኖቹን ሁሉ አውቶክሌቭ ሳታደርጉ ቆሻሻ ላይ አትጣሉ።